የሚያደርስ እንጂ የማይመልስ

(ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ጠዋት። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ የምትሸጠው ትርንጎ እና ጡረተኛው መምህር ጋሽ ሞላልኝ ባንኮኒውን መሀል አድርገው ይከራከራሉ።)

ትርንጎ፦ ኧረ ጋሼ፣ ይስሙኝ እንጂ! ሰው ባትሪ ሊገዛ ሲመጣ «ብዙ የሚያስኬድ» ነው የሚለው። «ብዙ የማያስኬድ አለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

ጋሽ ሞላልኝ፦ ሞላልኝ እባላለሁ፣ ልጄ። የምፈልገውን አውቃለሁ። ያችን ትንሿን አውርጂልኝ።

ትርንጎ፦ ስምዎ ሞላልኝ፣ የሚገዙት የጎደለ! እሺ፣ ይቺ ባለ አሥራ ሁለት አምፔር ናት። ያኛው ሃያ ነው። በሃያው ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ቢውሉ ምንም አይልዎትም።

ጋሽ ሞላልኝ፦ ማን ዙር አለኝ? ደግሞ ይከብዳል። ወገቤን ያመኛል።

ትርንጎ፦ የሚሸከመው ብስክሌቱ ነው እኮ!

ጋሽ ሞላልኝ፦ ብስክሌቱም ወገብ አለው።

ትርንጎ፦ ወይ ጉድ! ባትሪ በመልክ አይመረጥም፣ ጋሼ። መንገዱ ታይቶ፣ ዳገቱ ታይቶ፣ የሚቀመጥበት ሰው ክብደት ታይቶ ነው። የት ነው የሚሄዱበት?

ጋሽ ሞላልኝ፦ ከከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው።

ትርንጎ፦ ትንሽ ወጣ ማለት የት?

ጋሽ ሞላልኝ፦ ጢስ ዓባይ።

ትርንጎ፦ ጢስ ዓባይን ነው ትንሽ ወጣ የሚሉት? እንግዲያው ያለቀ ነገር ነው፣ ሃያውን ይውሰዱ። ይቺ ትንሿ እዚያ ድረስ እንደምንም ታደርስዎታለች። ሲመለሱ ግን መንገድ ላይ ቀጥ ነው የምትለው።

ጋሽ ሞላልኝ፦ ታደርሰኛለች?

ትርንጎ፦ ማድረሱንስ ታደርሳለች።

ጋሽ ሞላልኝ፦ እንደማትመልሰኝ እርግጠኛ ነሽ?

ትርንጎ፦ ጭራሽ አትመልስም!

ጋሽ ሞላልኝ፦ በቃ፣ እሷን ጠቅልዪልኝ።

ትርንጎ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። የድሮው ባትሪዎ ምን ሆኖ ነው?

ጋሽ ሞላልኝ፦ እሱማ ግሩም ነበር! ልክ እዚያ እንደደረስኩ ድርግም ይላል። «ባትሪዬ አለቀ» እላለሁ፣ እሰካለሁ፣ እስኪሞላ ቁጭ ነው። አሁን ግን አርጅቶ ግማሽ መንገድ ላይ ይጥለኝ ጀመር። ባለፈው ብስክሌቱን እየገፋሁ ስደርስ መሽቷል፣ የተጠበሰልኝ ዓሣ ቀዝቅዟል፣ እሷም አኩርፋ ጠበቀችኝ።

ትርንጎ፦ አሃ! እሷ ማን ናት?

ጋሽ ሞላልኝ፦ ኤዲያ፣ አመለጠኝ።

ትርንጎ፦ ካመለጠዎት አይቀር ይጨርሱት።

ጋሽ ሞላልኝ፦ አንዲት ጨዋ ሴት ናት። ባሏ ካረፈ ቆይቷል። ጨዋታዋ ነው የገደለኝ። ወደ አንቺ የላከችኝም እሷ ናት። «መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ባትሪ ሻጭ ጋ ሂድ፤ አፏ አያርፍም እንጂ ሰው አታታልልም» አለችኝ።

ትርንጎ፦ አፏ አያርፍም አለች? እማዬ!

ጋሽ ሞላልኝ፦ ምን አልሽ?

ትርንጎ፦ የግቢው በር ሰማያዊ ነው? ውስጡ ዘይቱን ተክል አለ?

ጋሽ ሞላልኝ፦ አለ።

ትርንጎ፦ ስሟስ ጥሩወርቅ ነው?

ጋሽ ሞላልኝ፦ በስመ አብ! ልጄ ከተማ ትነግዳለች አለችኝ እንጂ ባትሪ ትሸጣለች መች አለችኝ! ወይ ጥሩወርቅ፣ ጉድ ሠራሽኝ!

ትርንጎ፦ ሁለታችንንም ነው ጉድ የሠራችን። በየማታው እየደወልኩ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስላት «ዝናብ» ነው የምትለኝ! በሉ ትንሿን ይመልሱልኝ። ሃያውን ይዘው፣ ሄደው፣ ሰላም ብለው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሳሉ።

ጋሽ ሞላልኝ፦ ልጄ፣ እንዲህ አትጨክኚብኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ሳወራ ከርሜ ሰው የማገኘው እዚያ ቤት ነው። እወዳታለሁ። ይኸው፣ አልኩት።

ትርንጎ፦ ይህን ለእሷ ነግረዋታል?

ጋሽ ሞላልኝ፦ የት ደፍሬ! ለእሷ የምላት «ባትሪዬ አለቀ» ነው። ደግሞ ሌላ ነገር እንዳታስቢ። የምሰካው በረንዳ ላይ ነው፣ የምቀመጠውም በረንዳ ላይ ነው።

ትርንጎ፦ ኧኸ! እዚህ ላይ ተያዙ። የበረንዳው ሶኬት አባዬ ካረፈ ጀምሮ አይሠራም።

ጋሽ ሞላልኝ፦ አይሠራም ነበር። ኮረንቲው ሁለቴ ነዝሮኛል፣ ግን ሠራሁት።

ትርንጎ፦ እርስዎ? እሷ ፈቅዳ?

ጋሽ ሞላልኝ፦ የእጅ ባትሪ እያበራችልኝ ነው የሠራሁት። ምነው፣ ደነገጥሽ?

ትርንጎ፦ ስንቴ ሠራተኛ ልኬላታለሁ መሰለዎት! «አባትሽ የገጠመውን ማንም አይነካብኝም» እያለች ሁሉንም ከበር መልሳቸዋለች። እኔንም ጭምር፣ ጋሼ። እኔ ልሥራው ብያት አኩርፋኝ ነበር።

ጋሽ ሞላልኝ፦ ይህን አልነገረችኝም።

ትርንጎ፦ አየሁ፣ ለሁላችንም የማትነግረን ነገር አላት። በሉ ይያዙ። ትንሿን ነው የሰጠሁዎት።

ጋሽ ሞላልኝ፦ እውነትሽን ነው? ቻርጀሩስ? የድሮው ይሆናል?

ትርንጎ፦ የድሮው ይቺን ያበላሽብዎታል። አዲስ ቻርጀር አላት፣ ግን አልሰጥዎትም።

ጋሽ ሞላልኝ፦ ኧረ በሞትኩት! ታዲያ እንዴት አድርጌ ልመለስ?

ትርንጎ፦ ማን ይመለሱ አለዎት? ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ ቻርጀሩን እኔ ራሴ ይዤላችሁ እመጣለሁ። ዓሣውን እንዳትጨርሱብኝ!