የብረቱ ሳጥን ያስቀረው የገንፎ ዱቄት

ክቡራትና ክቡራን!

እንዲህ ብዬ እንድጀምር የመከሩኝ አለቃችን አቶ ታረቀኝ ናቸው። እኔማ በዚህ መናኸሪያ ስኖር ማንንም እንዲህ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። የእኔ ሰላምታ «አንተ የደጀኑ፣ መኪናህን ወደፊት አስጠጋ!» ነው። ዛሬ ግን እውነትም ክቡራን ናችሁ። ፀጉራችሁን አበጥራችሁ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳችሁ ስትቀመጡ ግማሻችሁን አላወቅኋችሁም።

አዳራሹን ላስዋባችሁት፣ ፈረቃ ተለዋውጣችሁ ለመጣችሁት፣ ይህን የሚያህል ድፎ ዳቦ ለደፋችሁት እህቶቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚሸኝ ከሆነ ቀደም ብዬ በወጣሁ ነበር።

ዛሬ አንድ ቦታ መቆም አቅቶኛል፤ ታዩኝ የለ? ስንብቱ አስፈርቶኝ አይደለም። ልጄ ሥራነሽ ኪጋሊ ላይ ምጥ ይዟታል! ጎህ ሲቀድ ባሏ አንሙት ደወለና «እማማ፣ ጀምሯታል፤ ሐኪም ቤት ገብተናል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማርያም ማርያም እያልኩ ነው የዋልኩት። ስለዚህ ከደወለልኝ ንግግር የለም፤ ክቡራትም ክቡራንም ትጠብቁኛላችሁ።

ሥራነሽን አዲሶቹ አታውቋትም። ነባሮቹ ግን እናንተው ናችሁ ያሳደጋችኋት። ከትምህርት ቤት መልስ ትኬት ቢሮው አግዳሚ ላይ ተጋድማ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። አድጋ አገባች፤ አንሙትን የመሰለ ባል አገኘች። ልጅ ግን እምቢ አለ። ያልተጠመቀችበት ጠበል፣ ያላያት ሐኪም የለም። ሰው «አንድ በሉ እንጂ» ሲላት ስቃ ታልፍና ማታ ታለቅሳለች። አንሙት ኪጋሊ የማስተማር ሥራ ሲያገኝ ተከትላው ሄደች። «ቢያንስ እዚያ የሚጠይቀኝ የለም» ብላኝ ነው የሄደችው። ያች ቃል አንጀቴን ቆርጣዋለች።

ከዚያ አንድ ቀን ደወለች።

«እማዬ፣ ቁጭ ብለሽ ነው?»

«ቆሜ ነው፤ ወደ ቁይ የሚሄደውን መኪና እየሸኘሁ ነው።»

«እንግዲያው መኪናውን አስቁሚው።»

አስቆምኩት! «አርግዣለሁ» አለችኝ። ሹፌሩ ክላክሱን ሲያንባርቅ፣ ተሳፋሪው ሲጮኽብኝ፣ እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። የቁይ ሰዎች መኪናው ለምን እንደዘገየ እስከ ዛሬ አያውቁም።

ልጄ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እማዬ፣ ገንፎዬን አንቺ አገንፊልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ታዲያ እናቷ እዚህ ቆማ ምን ትለፈልፋለች? ለምን ኪጋሊ አልሄደችም? በሉ ጠይቁኝ! ሄጄ ነበር እኮ። ባለፈው እሑድ አውሮፕላኑ በር ድረስ ሄጄ ነበር። የመለሰኝ ሻንጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ሻንጣ በእናንተው ስጦታ ሞላ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ንጥር ቅቤው፣ ይስማው ያመጣው ማር፣ ሁሉም እዚያ ገባ። የገንፎውን ዱቄት ግን ከእጄ አልለይም አልኩ። ይህን እኛ በሙያ እናውቀዋለን። አንዲት እናት ከአምበር የሙሽራ ልብስ ይዛ ብትመጣ ጣሪያ ላይ ይጫን እንላታለን? ጭኗ ላይ ታደርገዋለች፤ እኛም አይተን እንዳላየን እናልፋለን። እኔም ዱቄቱን በእጅ ሻንጣ አደረግሁ።

በእጅ የሚያዘው ሻንጣ ልክ አለው ሲሉኝ ጫኛችንን ባዘዘውን ጠራሁት። ጭነት ከባዘዘው በላይ ማን ያውቃል? ሜትር አምጥቶ ቁመቷንም፣ ወርዷንም፣ ውፍረቷንም ለካ። «እትዬ የኔአለም፣ ልክክ!» አለኝ። አጨበጨብን። እውነትም ልክክ ነበረች። ባዶዋን! ባዶ ሻንጣ ለክተን እኮ ነው ያጨበጨብነው! ከዚያ ዱቄቱን፣ ተልባውን፣ አብሹን፣ የሕፃኑን ጋቢ ከተትን። ባዘዘው እንደለመደው በጉልበቱ ተጭኖ ዚፑን ዘጋው። ሻንጣዋ መንታ ያረገዘች መሰለች። ሳቅ ባዘዘው፣ ሳቅ! አንተ ምን አለብህ!

አውሮፕላን ማረፊያው ደረስኩ። ፍተሻውን በሰላም አለፍኩ። አውሮፕላኑ በመስተዋቱ እየታየኝ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። በሩ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ቆማለች። አጠገቧ የብረት ሳጥን አለ። ክዳን የለው፣ ግድግዳ የለው፣ እንዲያው ብረት ብቻ።

«እናቴ፣ ሻንጣዎን እዚህ ውስጥ ያስገቡልኝ።»

አስገባሁ። እግሯ ገባ፤ ሆዷ ቀረ።

«አልገባም እኮ፣ እናቴ።»

«ገብቷል እኮ፣ ልጄ። ትንሽ ነው የቀረው።»

«ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት። ካልሆነ ወደ ታች፣ ከጭነቱ ጋር እንልከዋለን።»

ከጭነቱ ጋር! ለማን? ለእኔ! ዕድሜ ልኬን «ዕቃ ወደ ላይ!» እያልኩ ሰው ሳዝዝ ኖሬ፣ አሁን እንደ ማንኛዋም ተሳፋሪ «በእናትሽ፣ ይችን ብቻ በእጄ ልያዝ» ማለት መጣ። አልኩ። «ልጄ፣ እኔም የሙያሽ ባልደረባ ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ፣ ስምሪት ክፍል» አልኳት። ፈገግ አለችልኝ። ሳጥኑ ግን አልሰፋም።

ይህን ጊዜ አንድ ሰውዬ መጣ። ትከሻው ላይ ቦርሳ፣ እጁ ላይ ሌላ ቦርሳ፣ ከኋላው ደግሞ የሚጎተት ሻንጣ አለው። ሰላም ብሎ አለፈ። ሳጥኑን ዞር ብሎም አላየው።

«እሱስ?» አልኳት።

«እሳቸው ቢዝነስ ናቸው።»

«እኔስ ሥራ ፈት ነኝ?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። እናንተዬ፣ ልክ ይኑር፣ ማን ጠላ! ያለ ልክ መኪና እንደማይንቀሳቀስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን እኛ የሉማሜውን ገበሬ ዕቃውን ጣሪያ ላይ አስጭነን፣ የወረዳውን ሹም ጭኑ ላይ ያዝ ብለነው እናውቃለን? አናውቅም። ሹሙም ይጫናል! አኩርፎም ይጫናል!

እንግዲህ ምን ላድርግ? እኛ ቤት የሚደረገውን አደረግሁ። መኪና ሲጠብ ምን እንላለን? ዶሮዋን አንዱ ያቅፋል፣ ቅሉን ሌላው ይይዛል፣ ልጁን ሦስተኛው ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ሲወርዱ ሁሉም ለባለቤቱ ይመለሳል። ወደ ሰልፉ ዞርኩና በመናኸሪያ ድምፄ ተጣራሁ።

«ልጆቼ፣ እጁ ባዶ የሆነ አለ? እስቲ ያዙልኝ!»

ኧረ ሰው መልካም ነው! አንድ ወጣት ተልባውን ተቀበለኝ። አንዲት መለሎ ሴት ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ነጭ ነጠላ የለበሱ አዛውንት አብሹን ያዙ። ዱቄቱን ከፍዬ ለሁለት እህትማማቾች ሰጠሁ። ሻንጣዋ ወዲያው ከሳች። ሳጥኑ ውስጥ ሸርተት ብላ ገባች! እልል አልኩ። ሰልፉ አጨበጨበ። ቀጭኗ ልጅ እንኳ አፏን ይዛ ሳቀች።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሁለት ጥበቃዎች መጡ።

«ይህን ዕቃ ማን ሰጠህ?» አሉት ወጣቱን።

«እኚህ እናት።»

«ታውቃቸዋለህ?»

«አሁን ተዋወቅን።»

አለቀ! ለካ እዚያ የማያውቁትን ሰው ዕቃ መያዝ ትልቅ ነውር ነው። ነውር ብቻ አይደለም፣ ክልክል ነው፤ ሲለፈፍም ነበር። ሰምቼዋለሁ፤ እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም እንጂ። ሁላችንንም ወደ ዳር አወጡን። ዱቄቱን ፈተው አዩት፤ ነጭ ነው። እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ገንፎ ነው።»

«ገንፎው የታለ?»

«ገና አልተገነፋም።»

«ለማን ነው?»

«ለአራስ።»

«አራሷ የታለች?»

«ገና አልወለደችም!»

እናንተ ትስቃላችሁ፤ እኔ ላብ አጥምቆኛል። አልፈርድባቸውም፤ ሥራቸው ነው። በሽታ ያለበት፣ ተንኮል ያለበት ዕቃ በሰው እጅ እንዳይገባ ነው የሚጠብቁት። የያዙልኝን ሰዎች አጣርተው ለቀቋቸው፤ ዕቃው ተመለሰልኝ። አዛውንቱ እየዞሩ እያዩኝ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ትደርሻለሽ» እያሉ ገቡ። እኔን የዕቃው ባለቤት ስለሆንኩ አቆዩኝ። እያንዳንዷ ቋጠሮ ተፈታች፣ ተሸተተች፣ ታየች። ንጹሕ ሆና ስትገኝ በሩ ተዘግቷል። አውሮፕላኑ ሲነሣ በመስተዋቱ አየሁት። እዚያው ቁጭ አልኩ።

ቀጭኗ ልጅ ውኃ አምጥታልኝ አጠገቤ ተንበረከከች። «ትልቁ ሻንጣዎ ወርዶልዎታል፤ ለቅዳሜም ቦታ ፈልጌልዎታለሁ» አለችኝ። የድርጅቱን ስም አልናገርም፤ ቅዳሜ ልሳፈርበት ነውና ቂም እንዳይይዙብኝ! እሷን ግን እግዚአብሔር ይባርካት።

አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ? በራሳችን መኪና ተመለስኩ። ሹፌሩ አይቶኝ ሻንጣዋን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ አለቀስኩ። «ልጄ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ እሱንም አላደረስኩላት» እያልኩ። ሐኪሞቹ ገና ሁለት ሳምንት አላት ብለው ነበር፤ እሱ ነበር መጽናኛዬ። ዛሬ ጧት ደግሞ ይኸው!

ቅዳሜ ግን ማንም አያስቀረኝም! ጋቢውን እለብሰዋለሁ። የለበስኩትን ማን ይለካኛል? ሻንጣዋንም ሞልተን ነው የለካናት፤ ባዘዘው ጉልበቱን እንዳያነሣ አስምዬዋለሁ።

እስቲ ስለ እናንተም ልናገር። እዚህ ሥራ ስጀምር «ሴት መኪና ልትሸኝ?» ብሎ ሞተር አጥፍቶ የተቀመጠ ሹፌር ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ዳቦ እየበላ ነው። እኔም ያን ዕለት ከመኪናው ፊት ቆምኩ፤ ፀሐዩ አናቴን እየበላው። «አትነሺም?» አለኝ። «አንተ ስትነሣ» አልኩት። ያን ጊዜ ከጎኔ መጥታችሁ የቆማችሁት እናንተ ናችሁ፤ ጫኙ፣ ትኬት ቆራጯ፣ ዘበኛው። ባሌ ሲሞትም ሐዘን ቤቴን ሞልታችሁ፣ ፈረቃዬንም ሸፍናችሁ ነው ያከረማችሁኝ። እወዳችኋለሁ። ይህን ተናግሬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ስለምጮኽባችሁ...

ቆዩ! ቆዩ፣ እሱ ነው! ዝም በሉ!

ሃሎ! አንሙት! ... አይሰማም፣ ጮኽ በል! ... እ? ... እሷስ? እሷስ ደህና ናት? ... እውነት በል! ... ማርያም! ማርያምዬ!

ወለደች! ሴት ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው!

ቆዩ፣ አትጩኹ፣ አትጩኹ፣ እሷ ልታናግረኝ ነው። ... ሥራዬ! የእኔ ዓለም! እንኳን ማርያም ማረችሽ! ... ምን አልሽ? ... አታልቅሺ እንጂ! ገንፎው ቅዳሜ ይደርሳል፤ አራስነቱ ገና ነው፣ እስክትጠግቢ አገነፋልሻለሁ። ... እ? ... ምን? ...

ሰማችሁ? «እማዬ፣ ገንፎው ይቆይ፤ እዚህ ግን እልል የሚልልኝ አንድ ሰው እንኳ የለም፤ ልጄ በዝምታ ተወለደች» ትለኛለች።

በዝምታ! የእኔ ልጅ ልጅ በዝምታ!

አንተ ባዘዘው፣ ና ስልኩን ያዝ፤ ወደ ሰዉ አዙረው፣ ከፍ አድርገው! ሴቶች፣ ተነሡ! ወንዶች፣ አጨብጭቡ! ሹፌሮች፣ ውጡና ክላክስ ንፉልኝ፣ ፈቅጃለሁ! አቶ ታረቀኝ፣ እርስዎም ይነሡ እንጂ! ኪጋሊ ድረስ ነው፤ አትቆጥቡ! በሉ!

...

ሰማሽ? ሥራነሽ፣ ሰማሽ? ያሳደጉሽ ናቸው! ሁሉም አሉ! ለዓመታት ላለቀስሽው ነው ይሄ!

ወገኖቼ፣ የምመርቅበት ድምፅ አልቀረኝም። ብቻ የወለዳችሁት ይደግላችሁ፤ ያልወለዳችሁት እንደ ልጄ በድንገት ደስ ይበላችሁ። መንገዳችሁ የቀና፣ ፍሬናችሁ የሚይዝ፣ ዓባይን ወርዳችሁ በሰላም የምትወጡ ያድርጋችሁ። ልጆቻችሁ ርቀው አይቅሩባችሁ፤ ከራቁም ድምፃችሁ ይድረሳቸው። ደህና ሁኑልኝ።

አትቀመጡ! አንድ ጊዜ ድገሙልኝ፤ ሥራነሽ «እማዬ፣ ዓይኗን ገለጠች» ትላለች!