በሰው ልክ የተሰፋ ክኒን

ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ይቺን ክር በመርፌው አሾልኪልኝ። ዓይኔ ቀዳዳውን ሁለት አድርጎ ያሳየኛል፤ እኔ ደግሞ ዕድሌ ሆኖ ሁልጊዜ የሌለውን እመርጣለሁ። ተባረኪ። መስኮቱንም ገርበብ አድርጊው፣ ፀሐዩ ፊትሽ ላይ ነው። ይሄ ሁሉ ሸሚዝ ቁልፍ የሚተከልበት ነው? የተማሪዎቹ? ይሁን፣ ሥራ ይብዛ። ሥራ የበዛበት ቤት ሐሜት አይገባም ይላሉ... እኛ ግን አፋችን እጃችንን አያስፈታውም፣ ምን እናድርግ።

ራስሽስ እንዴት አደረ? አሁንም በግማሽ በኩል? አይ ልጄ። ሌላው ለልጅ ልጁ ቤት ያወርሳል፣ ቦታ ያወርሳል። እኔ ግማሽ ራስ ምታት። ሙሉውን አለማውረሴ ደግነቴ ነው።

ቀስ በይ እስቲ... ከመጋረጃው ወዲያ መቀሱ ቆመ? አይ፣ ቀጠለ። ምራቴ ናት፣ ሌላ ማን ይቆርጣል። እሷን አይደለም የማወራልሽ፣ እሷ ምን አደረገችኝ! አንቺንም ሥራ አስተምራ፣ እኔንም ከልጄ ጋር በቤቷ አኑራ... እሷን አነሣሁ እንዳትዪ። እኔ የማወራልሽ ስለ አንድ ሌላ ሰው ነው። አንቺ አታውቂያቸውም። እንዳጋጣሚ እሳቸውም ልብስ ሰፊ ናቸው። ከተማው ሙሉ ልብስ ሰፊ አይደል?

ሙያቸውን ብትዪ! ጨርቅ አይጥሉም። ከቀሚስ የተረፈው ትራስ ልብስ ይሆናል፤ ከትራስ ልብሱ የተረፈው ኪስ፤ ከኪሱ የተረፈው ማንጠልጠያ። እሳቸው ቤት የተረፈ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው። ልክ አወሳሰዳቸውስ! አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ መጥቶ፣ «የወንድሜን ሱሪ በኔ ልክ ስፊልኝ፣ አንድ ነን» ቢላቸው፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ «ሱሪ በወንድም አይለካም። ራሱ ይምጣ!» ብለው አባረሩት። በጆሮዬ ሰማሁ። ልክ አይደሉም ታዲያ? በወንድም የተለካ ሱሪ ወይ ያጥራል፣ ወይ ሰው ፊት ይተረተራል። ቢተረተር ደግሞ ጨርቅ ነው... ይሰፋል። ጨርቅ ላልሆነው ነገር ነው እንጂ የሚያስፈራው።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ ስለ እኔ ሞኝነት። እሱን ነው ማውራት የሚቀለኝ፣ አያልቅብኝም።

ያን ጊዜ ራሴን አላስቀምጥ ሲለኝ፣ ብርሃን ሳይ ሆዴ ሲገለበጥ፣ አጎትሽ ዶክተሯ ዘንድ ወሰደኝ። ልጅ እግር ናት። «ማይግሬን ነው እማማ» ስትለኝ ኮራሁ። ለካ በሽታዬ ስም ነበረው! እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ «ያ ነገር» እያልኩ ነው የምጠራው። አፍሽን ክፈቺ ብላ... ክፈቱ ብላ፣ በባትሪ አየችኝ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል አይደል የሚባለው? እኔጃ ምን እንዳየች፣ ቶሎ መብራቱን አጠፋችው።

ታዲያ ጥያቄ ስታበዛ! «አስም አለብዎት? ልብዎን ያምዎታል? ሌላ የሚውጡት መድኃኒት አለ?» የምትድረኝ ነው የመሰለኝ። «አስም የለብኝም፣ ያለባት የልጅ ልጄ ናት» አልኳት፣ እንዲሁ ወሬ ለማሳመር። ብዕሯን አስቀመጠች። «እንግዲያው እማማ፣ ይቺን ክኒን ለሷ እንዳይሰጧት። አስም ያለበት ሰው ደረቱ ሊዘጋ ይችላል» አለችኝ። ሳቅኩባት! ክኒን ደግሞ እንደ ቆሎ ማን ለሰው ይዘግናል ብዬ። የተማረ ሰው ለካ ቤትሽን ሳያየው ያውቀዋል...

እና ሰጠችኝ። «ሲያምዎት ብቻ አይደለም የሚውጡት። ሳያምዎትም በየቀኑ ነው፤ እንዳይነሣ የሚከላከል ነው። ሥራውም ሳምንታት ይፈጃል፣ ይታገሡት» አለች። ምኑ ይገባኛል? ላላለቀሰ ሕፃን እሹሩሩ! ቢሆንም እሺ አልኩ። ዋጥኩ። ዋጥኩ... አንድ ቀን ሳስበው ራሴ ትቶኛል። መድኃኒቱ ሠራ ያልኩ መሰለሽ? «ድሮስ መች ታመምኩ» አልኩ እንጂ! ጣራው አላፈሰሰም ብሎ ቆርቆሮውን የሚያነሣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ይኸው፣ ከፊትሽ ቁልፍ ይተክላል።

እኔ እንኳ አላነሣውም ነበር። ግን እኚያ ደግ ሰው አዘኑልኝ። «እማማ፣ ሳያምዎት ምን ብለው ይውጣሉ? ሰውነትዎን ይመርዘዋል፣ ይተዉት» አለችኝ... አሉኝ ማለቴ ነው። ምላሴም እንደ ዓይኔ አረጀ። አየሽ ርኅራኄ? ያቺ ምስኪን ዶክተር ስንት ዓመት መጽሐፍ ላይ ተደፍታ ያልታያትን፣ እሳቸው የሸሚዝ ኮሌታ እየገለበጡ ታያቸው። ለዚህ ተሰጥዖ ነው የሚባለው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ ከወረቀትም ያነስኩ ነኝ፣ ዛሬ ስውጥ ውዬ ነገ ድርግም አድርጌ ለቀቅኩት። ውሎ አድሮ ልቤ እንደዚህ የስፌት መኪና ተነሣ! ታ ታ ታ ታ... መርገጫውን ማን እንደሚረግጠው አላውቅም፣ የሚሰፋም ጨርቅ የለ። ራሴም የሄደው ሄደ ስል ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ተመለሰ። ከአልጋዬ ተነሥቼ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ቁምሳጥኑን ሰላም አልኩት። በግንባሬ። እብጠቱን አይተሽ «አያቴ ምን ሆንሽ» ስትዪኝ፣ «ትንኝ ነው» ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ትንኝ! ቁምሳጥን የሚያህል ትንኝ። ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ፤ እኔ ከአዋዋጥ ተቀደድኩ።

ዶክተሯ ጋ ተመለስኩ፣ አንገቴን ደፍቼ። «በአንድ ጊዜ አይቆምም እማማ። ማቆም ሲያምርዎት ይምጡ፣ ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን። የረሱት ቀን ቢኖርም ደርበው አይዋጡ። ለመሆኑ ማነው ያቁሙ ያለዎት?» አለች። ምን ልበላት? «የገዛ ራሴ» አልኳት። ሰው አሳልፌ ልስጥ? ያን የመሰለ ሩኅሩኅ ሰው! ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። አሁንም ዝም እንዳልኩ ነው፣ ታዪኝ የለ።

ቀስ በቀስ አስቀንሳ ሌላ ዓይነት ቀየረችልኝ። «የተረፈውን ለመድኃኒት ቤቱ መልሱ፣ ቤት አይቀመጥ» ብላኝ ነበር። እኔ ሥራ ሞልቶብኝ የት አስታውሼ? ከመርፌውና ከቁልፉ ጋር እዚያ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። መሳቢያ ውስጥ የገባ ነገር ደግሞ የማን ነው? የቤቱ ነው። ቤቱ ደግሞ ብልኅ ካለው...

ዛሬ ጠዋት ምን አየሁ መሰለሽ? ከሸሚዝሽ ኪስ ብቅ ያለች የአበባ ጨርቅ ቋጠሮ። ያቺን ጨርቅ አውቃታለሁ፣ ከቀሚሱ የተረፈው ትራስ ልብስ ከሆነው፣ ከዚያም የተረፈችው ናት። ምንድነች አልልሽም። ከረሜላ ናት። ሰው ለባሏ እህት ልጅ... ሰው ለሠራተኛቸው ከረሜላ አይሰጡም? ነጭ፣ ክብ፣ መሃሏ ላይ መስመር ያላት ከረሜላ። «ራስሽ ሲነሣብሽ አንድ፣ ባይተውሽ ሁለት» ተብሎ የሚዋጥ ከረሜላ። መጋረጃ እኮ ዓይን ነው የሚጋርደው፣ ጆሮ አይጋርድም፤ እኔ ደግሞ ጆሮዬ ብቻ ነው ያላረጀው።

እንዴት ያለ ቸርነት ነው! ዶክተሯ ስስታም ናት፣ ሳትጠይቅ አትሰጥም። መድኃኒት ቤቱም ወረቀት አምጡ ይላል። እኚያ ሰው ግን ምን ጠየቁሽ? ምንም። ሰው ያምናሉ! ደረትሽን አልጠየቁ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ያለውን በአፍሽ የምትስቢውን መድኃኒት አልጠየቁ። ረስተውት ይሆን? እንዴት ይረሳሉ! አምና የጨርቁ ብናኝ ሲያፍንሽ በር አጠገብ ያስቀመጡሽ እሳቸው አይደሉ? አይረሱም። ያስባሉ። አንቺ ራስሽን ይዘሽ ከተኛሽ ሸሚዙ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት አይደርስማ... ስለ ሸሚዙ ነው ያሰቡት አልኩ? ወጣኝ? ስላንቺ ነው እንጂ። ስላንቺ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለው ተርተዋል የጥንቶቹ። ስለ ሰው ክኒን የተረቱት የለም። መቼ ክኒን ነበራቸውና! እነሱ ባይተርቱት ግን በወንድም ልክ ሱሪ የማይሰፉ ሰው፣ በአያት ልክ የተሰፋ ክኒን ለልጅ ልጅ ያለብሳሉ ማለት ነው? ደግሞ አያቷ ማን ናት? ቁምሳጥን የምትሳለም!

አንቺ ሕፃን ሳለሽ፣ ደረትሽ እንደ አሮጌ በር ሲጢጢ ሲል፣ ትራስ ደርድሬ ጭኔ ላይ ቁጭ አድርጌሽ ትንፋሽሽን እከተል ነበር። ወደ ውስጥ ስትስቢ እኔም እስባለሁ። ስታስወጪ አስወጣለሁ። ከዘገየሽብኝ እኔም እዘገያለሁ... የማግዝሽ መስሎኝ። እናትሽ «አንቺም ታፍኚያለሽ እማዬ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ሳቂ፣ አንቺም ሳቂ። ያን ጊዜም ያው ነበርኩ፣ ሞኝ።

እዪኝ እስቲ።

አልዋጥሽም አይደል?

...እርግጠኛ ነሽ? አንዷንም?

ተመስገን። እፎይ። ምን ሆንሽ ነው የምትዪኝ? ምንም፣ መርፌው ወጋኝ። ነይ፣ ያቺን ቋጠሮ ወዲህ በያት። ቁልፍ ጎድሎኝ ነው... ልኳ የቁልፍ ያህል ነው መቼም። አንድ፣ ሁለት... ሁሉም አሉ። ጎሽ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፣ አንቺ ሳታፈሺ ለቀምኩልሽ። ይቺ አሁን እኔ ጋ ናት፣ ከእኔም በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤቱ። መሳቢያ የሚባል ነገር አላውቅም ከእንግዲህ።

ስሚኝ፣ ይሄን እንኳ ያለ ምሳሌ ልንገርሽ። ነገ ሁለታችን ዶክተሯ ዘንድ እንሄዳለን። አስምሽን ንገሪያት። የምትስቢውን አሳዪያት። በየቀኑ የምትቅሚያትን የራስ ምታት ማስታገሻም እንዳትደብቂ፣ እሷም ሲበዛ መልሳ ራስ ታሳምማለች ብላኛለች ዶክተሯ። ያንቺን ልክ ትውሰድ፣ ባንቺ ልክ ትስፋልሽ። የሰጠችሽን ሳይደብርሽ በየቀኑ ዋጪ፣ ተሻለኝ ብለሽ አትወርውሪ፣ ለማንም አትዘግኚ። ሸሚዙ? ሸሚዙ ይቆያል። ያለ ቁልፍ ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ አንድ ቀን ደረቱ ይበርደዋል። ያንቺ ደረት ግን...

ተይው። ክሩን ያዢልኝ።

ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? እኔን መከራ መክሮኛል። ግን መከራስ አንድ ቤት ውስጥ ስንቱን እየዞረ ይምከር? ይደክመዋል እኮ።

መቀሱ ዝም አለ አይደል? አዎ፣ አሁንስ ዝም አለ። ምራቴ! ቁረጪ እናቴ፣ ቁረጪ! አንቺን አይደለም! ስለ አንድ የማታውቂያቸው ሰው ነው የምንጫወተው፣ ስለ አንድ ደግ ሰው!

እንዲያውም ሳንመርቃቸው ሥራ አንጀምር። የሰውን ውለታ የማይመርቅ አፍ ምን ያደርጋል? እጅሽን ዘርጊ።

እኚያን ሰው እግዜር ይስጣቸው። እጃቸው አይዛል፣ መቀሳቸው አይደንዝ። ዕድሜ ያድላቸው፣ እኔን እስኪያክሉ፣ ከኔም እስኪበልጡ። ራሳቸውን አያማቸው። ቢያማቸውም... ሰው ነውና ቢያማቸውም፣ አልጋ ላይ የዋሉ ዕለት ብቻቸውን አይተዋቸው። ልክ እንደሳቸው ያለች ምራት ይስጣቸው። እንደሳቸው የምታዝን፣ እንደሳቸው ሳትጠይቅ የምታጎርስ፣ ከሰው የተረፈውን የማትጥል። ከራስጌያቸው አትጥፋ።

አሜን በይ እንጂ የኔ ልጅ... ጮክ ብለሽ። መጋረጃው ወፍራም ነው።