ሁለተኛው ቤዝ ላይ የጠበቀኝ

አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ ከአዘዞም ከፀዳም ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ። አምሐ እባላለሁ፤ አናጢ ነኝ። ንግግር አላውቅም። ግን አሁን ከምንቀብረው ከአስማረ ጋር ስድስት ዓመት ቤዝቦል ተጫውቻለሁ። ዛሬ ዝም ብዬ ብመለስ ኃጢአት ይሆንብኛል።

ጨዋታውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ መትቶ ከቤዝ ቤዝ ይሮጣል። ቤዝ ማለት መሬት ላይ የተነጠፈች ትንሽ ትራስ የምታህል ነገር ናት። እኛ በውስጠኛው ሜዳ የምንቆመው መሬት ለመሬት የምትመጣውን ኳስ አንስተን፣ ሯጩ ሳይደርስ ቤዙ ላይ ላለው ጓደኛችን እንወረውራለን። ኳሷ ከቀደመችው ሯጩ ከጨዋታ ይወጣል። ከሁለተኛው ቤዝ በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላው በኩል አስማረ። ቤዙ የሁለታችን ነው። ኳስ ወደ እኔ ስትመጣ እሱ ወደ ቤዙ ይሮጣል። እኔም እስኪደርስ ሳልጠብቅ ወደ ባዶው ቤዝ መወርወር አለብኝ። ይደርሳል ብዬ።

እኔ ግን አልወረውርም ነበር። እስካየው እጠብቃለሁ። ሯጩ ይቀድመናል።

“ምነው አያ አምሐ? እየመጣሁ እኮ ነው!” ይለኛል።

“ባትመጣስ?”

“ባልመጣ ኳሷ አዘዞ ገበያ ገብታ ትሸጥ!”

ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን በእኔ ላይ ነው የሚያስቅብኝ እል ነበር። ምነው? የማላየውን አምላክ በየማለዳው እለምናለሁ። በዓይኔ የማየውን ወንድሜን ምነው አላመንሁት?

ባለቤቴ የትነበርሽ ያረፈች ጊዜ፣ አርባዋን አውጥቼ ወደ ሜዳ ተመለስሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል። ያኔ አስማረ ወደ እኔ ተጠግቶ መቆም ጀመረ። የእኔን ኳስ ተንደርድሮ ያነሳል። ከዚያ አሠልጣኛችን ኪሩ ዘንድ ይሄድና ኳስ በሚይዝበት ጓንቱ አፉን ከልሎ ያወራል። እንዲህ የምናደርገው ተጋጣሚ ምክራችንን ከከንፈራችን እንዳያነብ ነው። ታዲያ ተጋጣሚው እኔ ነኝ ወይ? ከእኔ ምን ይደብቃል? ቦታዬን ሊያስነጥቀኝ ነው አልሁ።

አብረን በተጫወትነው በመጨረሻው ጨዋታ፣ ሕዝብ በቆመበት፣ “አንተ መሠሪ! ከመሬቴ ውጣ!” አልሁት።

“እሺ አያ” አለኝ። ይኸው ነው ያለኝ። ወደ ቦታው ተመለሰ። ቀጣይዋ ኳስ በአጠገቤ ሾልካ አለፈች።

ከዚያ ታመመ ተባለ። “ታሞ አይደለም፣ አኩርፎ ነው” አልሁ። ሦስት ሳምንት ተኛ። ቤቱ ከቤቴ ሁለት አጥር ነው። አልጠየቅሁትም። ሰማችሁኝ? አልጠየቅሁትም።

ትናንት ለቅሶ ቤት ኪሩ አጠገቤ ተቀመጠ። “አስማረ በጓንቱ ሥር ምን ይለኝ እንደነበር ታውቃለህ? እኔ አንተን ከጨዋታ ላሳርፍህ አስቤ ነበር። ‘ተው፣ ቤቱ ባዶ ነው። ከዚህ አውጥተህ ወዴት ትሰደዋለህ? የጎደለውን እኔ እሮጥለታለሁ’ ይለኝ ነበር” አለኝ።

ምን እንዳሰብሁ ልናዘዝ? ኪሩ ሊያጽናናኝ ፈጥሮት ይሆናል ብዬ ጠረጠርሁ! አስከሬኑ ባለበት ቤት! ኋላ ሜዳው ትዝ አለኝ። አስማረ የእኔን ኳስ አንስቶ ለማን ይወረውር ነበር? ለእኔ። ቤዙ ላይ ለቆምሁት ለእኔ። ሯጩን ያስወጣሁት እኔ፣ የሚጨበጨብልኝም እኔ። እሱ ከአቧራው ተነስቶ ልብሱን ያራግፍ ነበር።

ማስተዋል እህቴ፣ የአስማረ ባለቤት፣ በሕመሙ ያልረገጥሁትን ደጅሽን ከዛሬ ጀምሮ አንኳኳለሁ። እንጨትሽን እፈልጣለሁ፣ ጣራሽን እጠግናለሁ። ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው ብለሽ ብትጠረጥሪኝ አልቀየምሽም። ባትከፍችልኝም እመጣለሁ።

አስማረ፣ የኔ ሸጋ፣ በሰው ፊት መሠሪ አልሁህ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ እላለሁ። መልስህን አልሰማም። ይቅር እንዳልኸኝ ግን አምኜ እሄዳለሁ። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።