ጭስ ያልጠጣ ሣር

ከሞላሌ ገበያ ስወጣ ጎረቤቴን ጋሼ ወልደ ጻድቅን በአጋጣሚ አገኘኋቸው። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝና የታመሙ በጎች አይቼ መመለሴ ነበር። እሳቸው አህያቸውን ለቤት ክዳን የሚሆን የጓሳ ሣር ጭነው ይነዳሉ። ሣሩ ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ዘንድሮም ለምንተስኖት ቤት ነው።

ምንተስኖት ልጃቸው ነው። ስዊድን አገር አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ይተዳደራል። ጋሼ ወልደ ጻድቅ ልጁ ከሄደ በኋላ ከቤታቸው ጎን የሣር ቤት ሠሩለትና "የመጀመሪያውን እሳት የሚያነደው እሱ ነው" ብለው ቆለፉት። ሴት ልጃቸው ጌታነሽ ባሏንና ልጆቿን ይዛ ከእሳቸው ጋር ተጣብባ ትኖራለች፤ የወንድሟን ቤት ግን ማንም አይከፍተውም። ክዳኑ ይበሰብሳል፣ እሳቸው ይከድኑታል።

ከዚህ የባሰም አለ። ልጁ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ሊጠይቅ መሆኑን ቢነግራቸው "እንዳትጠይቅ በአማኑኤል ገዝቼሃለሁ" አሉት። ምንተስኖት ደግሞ የአባቱን ግዝት አይጥስም። ማመልከቻ የሚያስገባበት ጊዜ ግን ሊያልፍ ነው።

መንገዱን ሙሉ ተከራከርን።

"ለመኖርም ፈቃድ ይጠየቃል?" አሉኝ። "እኔ መንዝ ላይ ስኖር ማንን አስፈቀድሁ?"

"እርስዎ በአባትዎ አገር ነው የሚኖሩት፤ እሱ በሰው አገር ነው።"

"እኔስ ምን አልሁ? የሰው አገር ነው፣ ይምጣ።"

ደመወዙን፣ ሕክምናውን፣ ሠርቶ በሰላም ማደሩን አነሳሁላቸው። እሳቸው ጨለማውን፣ ብቸኝነቱን፣ ሐዘን ሲደርስበት ደጁን የሚያንኳኳ ጎረቤት ማጣቱን አነሱ። በዚህ ልረታቸው አልቻልሁም፤ እውነታቸውን ነው። ፈቃዱ ግን ዜግነት እንዳልሆነና ኢትዮጵያዊነቱን እንደማያስጥለው ደጋግሜ ባስረዳም፣ ጸጥ ብለው ሰምተው ከተነሳንበት ይመልሱኛል፤ "ታዲያ መቼ ይመጣል?"

ደጃቸው ስንደርስ ትዕግሥቴ አለቀ። "ደውለው እሱን ራሱን ይጠይቁት" አልኋቸው።

"ነግሮኛል።"

"ፈቃድ የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ስልኩን እየዘጉ፣ መቼ ይነግርዎታል?"

አጉረመረሙ፤ ግን ደወሉ። ጉዳዩን እኔ አስረድቼ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን መለስሁላቸው።

"አባዬ፣ እባክዎ እንዳይዘጉት" አለ ምንተስኖት። "በእጄ ያለው ጊዜያዊ ፈቃድ ነው። እስኪታደስ ድረስ ከአገሩ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። እማዬ ስታርፍም እድሳት እየጠበቅሁ ነበር። ቋሚውን ካገኘሁ ግን መጥቼ እመለሳለሁ።"

ጋሼ ወልደ ጻድቅ የአህያቸውን አንገት ያዙ። ሚስታቸው ወይዘሮ አያልነሽ የሞቱ ጊዜ ልጁ የቀረው ልቡ ቢደነድን ነው ብለው ይህን ሁሉ ዘመን ተቀይመውታል። ሊያመጣው የሚችለውን በር የዘጉት ራሳቸው ነበሩ።

የምደብቀው ነገር እንዳይኖር ሌላውንም ነገርኋቸው። "ፈቃዱን አግኝቶም እዚህ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ሊሰረዝበት ይችላል። ይመጣል፣ ይሄዳል። ምናልባትም የሚያረጀው እዚያው ነው።"

"ይህን ገበያ ሳልሄድ ብትነግረኝ ሣሩን አልገዛም ነበር።"

"ሣሩስ ምን አጠፋ? የእርስዎ ቤትና ይህ ቤት በአንድ ዓይነት ጓሳ ነው የተከደኑት። የእርስዎ ጠቁሮ ደርቋል፤ ይኼኛው ሻግቷል።"

"ጭስ ያልጠጣ ሣር ይበሰብሳል። ይህን ለእኔ ታስተምረኛለህ?"

"እያወቁ ነው እንግዲህ የዘጉት።"

ቀና ብለው ክዳኑን ተመለከቱ።

በማግስቱ በእሳቸው ልመና የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ አማኑኤል ግዝቱን ፈቱ፤ ልጁም ማመልከቻውን አስገባ። የቤቱን ቁልፍ ጌታነሽ ተረከበች፤ በዚያው ቀንም በክዳኑ ውስጥ ጭስ ሲወጣ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሣር አልተገዛም፤ የልጅ ልጆቻቸውም እግራቸውን ዘርግተው ይተኛሉ። ባዕድ አገር መኖር ትርፍም ጉዳትም አለው፤ ሚዛኑን የሚያውቀው ግን ሠርቶ የሚያድርበት ሰው ነው። ቤተሰብ የሚረዳው እስከ መጨረሻው ሰምቶ እንጂ በግዝት ከልክሎ አይደለም።

ምንተስኖት ፈቃዱ ከወጣለት በኋላ ለፋሲካ መጣ። በቅድሚያ የእናቱን መቃብር ተሳለመ፤ ከዚያ ሻንጣውን ይዞ ሁልጊዜ የእሱ እንደሆነ ወደሚነገረው ቤት አቀና። አባቱ ክንዱን ያዙት።

"እዚያ ሰው አለበት" አሉት። "አንተ እንግዳ ነህ። እንግዳ ከእኔ ጋር ነው የሚያድር።"