ምክር ቤቱ ተበተነ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሟች እናት እትዬ ትበርህ፣ የካዛንቺስና የቂርቆስ ሰዎች፣ ከሩቅም ከቅርብም ለቀብር የመጣችሁ፣ እግዜር ያጽናችሁ።

ወዳጆ እባላለሁ፤ አናጢው። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ አይናለም ከሞተችብኝ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። መጋዝ አሁንም በእጄ እገፋለሁ። ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ሽሮዬንም ራሴ እሠራለሁ። ዛሬ ከካዛንቺስ እዚህ ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ ያለ ከዘራ። ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ግን ድምፄ ቢሰበር ደግፎ ሊያስቀምጠኝ የሚነሳ እንዳይኖር ብዬ ነው። ማንም እንዳይነካኝ። ተናግሬ እጨርሳለሁ።

መርሃዊትን ምን ገደላት? ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ገና በአርባ አራት ዓመቷ። እኔም ልብ ነው እላለሁ። የማን ልብ እንደሆነ ግን እንነጋገር።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ሱቄ መጣች። «ጋሼ፣ አንድ ሰሌዳና ስድስት ትንንሽ ወንበር ይሥሩልኝ» አለች። ቀበሌ የተጨነቀ ሰው በሥዕልና በጭቃ የምታክምበት አንድ ክፍል ሰጥቷታል። በሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን በወረቀት አመጣች፤ «የምክር አገልግሎት»። እኔ ጣውላውን ቀድሜ ቆርጬዋለሁ። «የምክር» ብዬ ስጨርስ ለ«አገልግሎት» ቦታ የለም። ጣውላው አጠረኝ ልበል? እኔ ወዳጆ? «ቤት» ብዬ ዘጋሁት። «የ»ዋም ቦታ ልትፈጅ ነው ብዬ ፋቅኋት። በቀይ ቀለም፣ በትልቁ፦ ምክር ቤት።

በሦስተኛው ቀን ሰልፍ! አንዱ ጣሪያዬ ያፈሳል ይላል። አንዷ ጎረቤቴ የጋራውን ሽንት ቤት ቆለፈችብኝ ትላለች። «ተመራጯ አንቺ ነሽ?» ይሏታል። እሷ አንድም ሰው አልመለሰችም። ጣሪያ የሚያፈስበትን ሰውዬ በዚያች በልጅ ወንበር አስቀመጠችው፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሷል። እርሳስና ወረቀት ሰጥታ ቤቱን አሣለችው። «ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይቆጣል?» አለችው። «አባቴ» አለ። አባቱ ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው። ሰውዬው እዚያው አለቀሰ።

ሰሌዳውን ላስተካክለው ብዬ መሰላል ይዤ ስሄድ አባረረችኝ። «ጋሽ ወዳጆ፣ ሰሌዳዬን እንዳይነኩብኝ! አእምሮ ብዬ ብጽፍ ማን በር ይደፍር ነበር?»

ከዚያ ወዲያ ስንታችሁ በዚያች በር ገባችሁ? አላጋልጥም። ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ባልና ሚስት ገብታችኋል። ጭቃ አቡክታችሁ፣ ጨርቅ ቆርጣችሁ፣ ያን ያህል ዓመት ያልተነጋገራችሁትን ተነጋግራችሁ ወጥታችኋል። ሜቲ እዚያ ቆማለች። ሜቲ እናቷ ስትሞት ሰባት ዓመቷ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ቃል አልወጣትም። መርሃዊት ተናገሪ አላለቻትም። ቀለም ብቻ። ጥቁር በር ትሥላለች፤ ሌላ ጥቁር በር ትሥላለች። አንድ ቅዳሜ መስኮት ሳበጅ ይቺ ልጅ ቀና ብላ፣ «ይሄ ወንበር ይንቀጠቀጣል» አለች። የመጀመሪያ ቃሏ! በእኔ ሥራ ላይ! ልናደድ ወይስ እልል ልበል? መርሃዊት መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ አለቀሰችም።

እኔስ? አይናለም ስትሞት እንባ አልወጣኝም። ወንድ ነው ብላችሁ አመሰገናችሁኝ። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። መርሃዊት አልመከረችኝም። ብትመክረኝ በመዶሻ ነበር የምመልሳት። ጭቃ አስጨበጠችኝና «የእትዬ አይናለምን እጅ ይሥሩልኝ» አለች። «እኔ የእንጨት ሰው ነኝ፤ ጭቃ የልጅ ነው» አልኳት። «እንግዲያው በእንጨት» አለች። ከዋንዛ ቀረጽኩ። አውራ ጣቷ ጎበጥ ያለ ነበር። እዚያ ጋ ስደርስ መሮው ከእጄ ወደቀ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። መርሃዊት ፊቷን አዙራ መስኮት ትወለውላለች። ያ መስኮት ንጹሕ ነበር።

እንግዲህ ወደ ባለፈው ክረምት እንምጣ።

ታዲዎስ፣ ኮቴን አትጎትት። የእድሩ ጸሐፊ ነህ፤ የእኔ ጸሐፊ አይደለህም።

ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ስለ ቦዩ ነው የሚያወራው፤ ተደፍኖ ጎርፍ ቤት ይገባል። ታዲዎስ ወረቀት ይዞ መጣ። «ጋሽ ወዳጆ፣ አንብበው ይፈርሙ። አንደኛውን መስመር ለእርስዎ ትተናል» አለኝ። መነጽሬን አደረግሁ። ዓይኔን ከላይ እስከ ታች አወረድኩ። እንዲያውም «ጥሩ ተጽፏል» አልኩ። ፈረምኩ። ከእኔ በታች አርባ ሁለት ሰው ፈረመ።

ኋላ ስሰማ፣ ቦይ የሚል ቃል አልነበረበትም። «እብድ እየሰበሰበች ልጆቻችንን ታበላሻለች፣ ክፍሉ ይወሰድልን» ነው የሚለው።

ክፍሉ ታሸገ። አሥራ ሁለት ዓመት የተሣለው ሥዕል ደጅ ላይ ተቆልሎ ዝናብ መታው። የሜቲ ጥቁር በሮች ቀለማቸው እየፈሰሰ ወደዚያው ቦይ ገባ። ቀበሌ ቢሮ ሄዳ ማን ነው የከሰሰኝ ስትል ወረቀቱን አሳዩአት።

በማግስቱ ሱቄ መጣች። «ጋሽ ወዳጆ፣ ምክር ቤቱ ተበተነ» አለችና ሳቀች። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ያን ወረቀት አንብበውት ነበር?» አለችኝ።

አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። አላነበብኩትም ማለት። ግን ያን ካልኩ፣ ማንበብ አልችልም ማለት ነው። ሰሌዳ ጻፍኩ እያልኩ የኖርኩት ሰውዬ፣ ትልልቁን ፊደል በግድ እየቆጠርኩ፣ ጥቃቅኑ ጉንዳን እንደሚመስለኝ ሊታወቅ ነው። ምን አልኳት?

«አዎ፣ አንብቤዋለሁ» አልኳት።

«እሺ፣ ጋሼ» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሰባት ወር ቆየች፤ ከሱቄ ፊት ባለፈች ቁጥር ጤና ይስጥልኝ ትለኛለች። እኔ መላጊያዬን እመለከታለሁ።

እናንተ አንብባችሁ ፈረማችሁ። ዛሬ ድንኳኑን ሞላችሁት። እኔ ሳላነብ ፈረምኩ፤ ጥያቄ ስትጠይቀኝ ግን አውቄ ዋሸሁ። ከእናንተ የምሻል የመሰለው ካለ ተሳስቷል።

መርሃዊት፣ ልጄ፣ ስሚኝ። አላነበብኩትም። ይኸው፣ በሰው ሁሉ ፊት። አላነበብኩትም። ሰው ያላለውን ትሰሚ ነበር። ይሄን ሰምተሽኝ ነበር ይሆን? አላውቅም። ሳላውቅ እሞታለሁ።

እንግዲህ ዕዳዬን ልቁጠር። አግዝሃለሁ የሚል እንዳይመጣ፤ ራሴ እከፍላለሁ።

እትዬ ትበርህ፣ የእርስዎ ይቅርታ ዛሬ አይጠየቅም። ከአርባዋ በኋላ መጥቼ ደጅዎ ላይ እቆማለሁ። ቢያባርሩኝም በማግስቱ እመለሳለሁ።

ማክሰኞ ቢሮ እሄዳለሁ። ያን ወረቀት አውጡና ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ እላለሁ፤ ማንበብ አልችልምና። አንደኛውን ስም ሰርዙ እላለሁ።

ሰሌዳው ከነወንበሮቹ እኔ ዘንድ ነው። በሱቄ በር ላይ እሰቅለዋለሁ፤ እንዳለ፣ ምክር ቤት ተብሎ። ስድስቱን ወንበር እደረድራለሁ። መምከር አልችልም። ጣሪያ የሚያፈስበት ግን መጥቶ ይቀመጥ።

ሜቲ፣ የወንበርሽን እግር አሥራ አንድ ዓመት አላስተካከልኩም፤ ጥፋቴን አልቀበልም ብዬ። ይንቀጠቀጣል። እጠግነዋለሁ። ስጨርስ ጥቃቅኑን ፊደል ታስቆጥሪኛለሽ።

የመጨረሻው፣ መርሃዊት፣ የመቃብርሽ ሰሌዳ ነው። ሙሉ ስምሽ፣ ከነአባትሽ፣ ሥራሽም፣ «አገልግሎት» የሚለውም ሳይቀር። አንዲት ፊደል አልፍቅም። ጣውላውን ትናንት ቆረጥኩ። በረጅሙ ነው የቆረጥኩት።

ደህና ሁኚ፣ ልጄ።