የእንግሊዞች «አንቺ»

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለች ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ በረንዳ ላይ፤ ባላቸው የሞቱባቸው የማረፊያዋ ባለቤት ወይዘሮ አንጓች፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምሯቸውን ጡረተኛውን መምህር እንዳላማውን ያፋጥጣሉ።

አንጓች፦ መጽሐፉን አይግለጡት! ዛሬ ትምህርት የለም። ነገም የለም።

እንዳላማው፦ ምን አጠፋሁ፣ ወይዘሮ አንጓች?

አንጓች፦ «ሻወሩ ተበላሽቷል» ማለትን ያስተምሩኝ ብል፣ የ«ዊንዶው»ን የዘር ሐረግ ይቆጥሩልኛል።

እንዳላማው፦ ምን ማለት ነበር?

አንጓች፦ የነፋስ ዓይን።

እንዳላማው፦ አዩ! ዘመዱን ያወቁት ቃል አይጠፋም።

አንጓች፦ እኔ ዘመዱን ሳጣራ እንግዳዬ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበ! የእርስዎ እንግሊዝኛ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እንዳላማው፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቀስ ብለን ነው እንጂ…

አንጓች፦ እሱስ ይሁን። ያዋረደኝ ግጥምዎ ነው።

እንዳላማው፦ የቱ?

አንጓች፦ ያ ጨረቃ ላይ የሚያለቃቅሰው፣ የጥንቱ። ዛሬ ጠዋት ለፈረንጁ ቁርስ ሳቀርብ፣ ሻይ ይጠጡ ለማለት ከግጥሙ እንደለመድኩት «ዛው ሻልት ድሪንክ ቲ» አልኩት።

እንዳላማው፦ እግዚኦ!

አንጓች፦ ሻዩ በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። ሚስቱማ «ሙሴ ነው እንዴ የሚያስተምርሽ?» አለችኝ። ምን ስድብ ነው ያስተማሩኝ?

እንዳላማው፦ ስድብስ አይደለም። ዐሥርቱ ትእዛዛት በእንግሊዝኛ «ዛው ሻልት» እያሉ ነው የተጻፉት። ድሮ እነሱም እንደኛ «አንቺ»ና «እርስዎ» ነበራቸው። «ዛው» አንተ፣ አንቺ ነው። ለእግዜር፣ ለልጅ… ለቀረቡት ሰው።

አንጓች፦ ለቀረቡት?

እንዳላማው፦ ግጥሙ ውስጥ እንዳለችው ሴት።

አንጓች፦ ቆይ፣ ከግጥሞቹ ሁሉ እሷ የማትጠፋው ለምንድን ነው? ገበያ የወጣ፣ በግ የሸጠ ገጣሚ የላቸውም?

እንዳላማው፦ ሞልቷል። የመረጥኳቸው እኔ ነኝ።

አንጓች፦ ምን አሉ?

እንዳላማው፦ እኔ ነኝ የመረጥኳቸው! ሚስቴ ካረፈች ወዲህ «አንቺ» የምለው ሰው የለኝም። በአማርኛ ልልዎት አስቤ አፌ ተሳሰረ። በሰው አገር ቋንቋ ይቀለኛል ብዬ ነው።

አንጓች፦ እና እኔ ምስኪኗ ለእኔ ያሰቡትን «አንቺ» ሁሉ ለፈረንጅ አቀርባለሁ!

እንዳላማው፦ ይስቁብኝ፣ ይገባኛል። በዚህ ዕድሜዬ… ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባርኔጣዬን ያቀብሉኝና ልሂድ።

አንጓች፦ የት ልትሄድ? እጅህን ታጠብና ግባ፤ ምሳ ቀርቧል።