የጠረግኩት ጥላሸት

የኤምሪስ ባለቤት ወይዘሮ ግሌኒስ፣ የተከበሩ መጋቢያችን፣ በዚህ ዝናብ ይህን ተዳፋት ወጥታችሁ መቃብሩ አጠገብ የቆማችሁ የከተማችን የአበርዴር ሰዎች ሁሉ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ዴንዚል ነኝ። ከኤምሪስ ጋር ዘጠኝ ዓመት በአንድ መኪና እየዞርን የቤታችሁን ማሞቂያ፣ ቦይለራችሁን፣ ስንጠግን ታውቁኛላችሁ።

ኤምሪስ ምን ዓይነት ሠራተኛ ነበር? ወይዘሮ ፕሮሰር እዚህ አሉ፤ ይመስክሩ። ቦይለራቸው ጠዋት ጠዋት እየጠፋ ሦስት ሰው መጥቶ፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ የቦይለር ዕቃ ቀይሮ ሄዷል። እኛ ስንገባ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ "ሦስቱን ያቃታቸውን የምትችል አንተ ማን ሆነህ ነው?" አሉት።

"እኔማ አራተኛው ነኝ፣ እትዬ" አለ።

መፍቻ አላወጣም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?"

"ውጭው በረዶ ሲሠራ።"

ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ከቦይለሩ ውሃ ወደ ውጭ የሚያንጠባጥበው ቀጭን ቱቦ ውስጡ በረዶ ሆኗል። ለብ ያለ ውሃ አፈሰሰበት። ቦይለሩ ተነሣ። በቃ።

"መጀመሪያ ጠይቅ፣ ቀጥለህ እይ፣ እጅህ የመጨረሻው ነው" ይለኝ ነበር። በየቀኑ ይለኝ ነበር። እኔ ግን እጄ ይቀድማል።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በጥር፣ አቶ ኢድሪስ ሞርጋን ኩሽናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ትዝ ይላችኋል። የገደላቸው የቦይለሩ ጭስ ነው። ያን ጠዋት ቦይለሩን የነካው ማነው ተባለ። ኤምሪስ "እኔ ነኝ" አለ። የሥራ ፈቃዱን ተነጠቀ።

እሱ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

ኤምሪስ ሌላ ቤት ሲሠራ እኔ ብቻዬን ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ አቶ ኢድሪስ ናቸው። ፎቅ ላይ ያሉት የግድግዳ ማሞቂያዎች፣ ራዲያተሮቹ፣ ቀዝቅዘዋል። ሙቁን ውሃ ወደ ላይ የሚገፋውን፣ የተጣበቀውን ፓምፕ አላቀቅኩ፤ ሞቁ። ሽማግሌው ደስ አላቸው። "ሰሞኑን ራሴን ይወቅረኛል፤ ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም" አሉኝ። "ቤቱ ሲሞቅ ይለቅዎታል" አልኳቸው። ቦይለሩ ፊት ላይ ጥላሸት ነበር። አየሁት። በጨርቄ ጠረግኩት። አሳምሬ የወጣሁ መስሎኝ።

ከሰዓት በኋላ መኪና ውስጥ ዳቦ እየበላን አወራሁለት።

"እሳቱ ምን መልክ ነበረው? ሰማያዊ ነው ቢጫ?"

"አላየሁም።"

"ሌላስ?"

ራስ ምታቱን ነገርኩት። ጥላሸቱን ነገርኩት። ሁለቱም ጭሱ ቤት ውስጥ የመቅረቱ ምልክት ናቸው። ዳቦውን አስቀምጦ መኪናውን አዞረ። በሩን በትከሻው ሰበረው። መስኮቱን ሁሉ ከፈትን። አቶ ኢድሪስ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ጭስ ማውጫው ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች፤ መውጫ ያጣው ጭስ ወደ ቤት ተመልሷል። ሽታ የለው፣ መልክ የለው። ፓምፑ እስኪላቀቅ ቦይለሩ ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር። ሳያቋርጥ እንዲነድ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

አምቡላንሱን ስንጠብቅ ደጃፉ ላይ፣ "ስንት ልጅ አለህ?" አለኝ። ያውቃል እኮ።

"ሦስት።"

"እኔ የለኝም። እዚህ የመጣሁት እኔ ነኝ። አንተ አልነበርክም።"

ያዩኝ ሟቹ ብቻ ነበሩ። ዝም አልኩ።

ዝም ስል፣ ኤምሪስ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ተሸከመ። ዝም ስል፣ ገበያ ላይ ሰላምታ ነሣችሁት። ዝም ስል፣ በአምልኮ ቤታችን አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። ወይዘሮ ግሌኒስ ያውቁ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሻይ ቀድተው ሰጡኝ፤ አንድ ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል፣ "ልናገር" አልኩት። "ልጆችህ አድገዋል" አለ። ሌላ አላለም። ፈቃድ ነው? ወቀሳ ነው? በማግስቱ ልጠይቀው ስሄድ አልጋው ባዶ ነበር።

ሪያን፣ የአቶ ኢድሪስ ልጅ፤ ከኋላ ቆመሽ አይሻለሁ። አባቴን ገደለ ያልሽውን ሰው ልትቀብሪ ለምን እንደመጣሽ አላውቅም። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ግን እሱ አይደለም። ፊትሽ ቆሟል። ማሪኝ ለማለት አፍ የለኝም። ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ይህንኑ ቃል እሰጣለሁ።

ኤምሪስ፣ ወንድሜ። የኔን ተሸክመህ ኖርክ፤ አሁን አውርደው። ስምህን ይዘህ ሂድ። አፈሩ ይቅለልህ።